የጥርስን ቀለም በቀን ብርሃን ያዩ የነበሩት አቶ ጎበና ቢቂላ

የሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የጥርስ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ማህበር፣ መስራች አባሉ አቶ ጎበና ቢቂላ ባደረባቸው የልብ ህመም ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ቡራዩ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የሚያስታውቀው ልቡ ተሰብሮ ነው። የሀዘን መግለጫ ስናወጣ ይህ የመጀመሪያችን አይደለም፤ እንዲህ መጻፍ ያቃተን ግን አሁን ነው።

አቶ ጎበና በ1952 ዓ.ም. ተጂ አቅራቢያ ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወለዱ። በጥርስ ቴክኒሻንነት ሰልጥነው ለዓመታት በአዲስ አበባ ከሰሩ በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የራሳቸውን ላቦራቶሪ ከፈቱ። ታካሚውም ሐኪሙም የሚጠራቸው «ኦቦ ጎበና» እያለ ነበር፤ እኛም ከዚህ በታች እንደለመድነው እንጠራቸዋለን።

ኦቦ ጎበና ለሰልጣኞቻቸው መጀመሪያ የሚያስተምሩት የሰው ጥርስ ነጭ አለመሆኑን ነበር። ድድ አጠገብ ቢጫ ይላል፣ ጫፉ ላይ ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ ሰው ሰራሹን ጥርስ ከፖርሰሊን ስስ በስስ እየደረቡ ይሰሩት ነበር። አምፖል ስር የተመሳሰለ ጥርስ ደጅ ሲወጣ ግራጫ ሆኖ ባለቤቱን ሲያሳፍር ስላዩ፣ ታካሚውን ጠዋት በረንዳ ላይ አስቀምጠው፣ ደማቅ ሻርፑን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ጥርሱ ደርቆ ሳይነጣ ፈጥነው ከቀለም ናሙናው ጋር ያስተያዩ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ማህበራችን የጥርስ ቀለም በስልክ ፎቶ ቢላክ ይበቃል ብሎ ወሰነ። ኦቦ ጎበና ግን ለአንዲት ጥርስ ሲሉ በሚኒባስ ሱሉልታና ሰበታ ድረስ መመላለሳቸውን አልተዉም። ያኔ ስቀንባቸዋል። ዛሬ በዚያ ሳቃችን እናፍራለን።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «ዓይኔን ሞራ ጀምሮኛል። ነጩንና ፈዛዛ ቢጫውን መለየት እያቃተኝ ነው። አምና ከሰራኋቸው ጥርሶች አስራ አንዱ ቢጫ በዝቶባቸዋል። ማንም ቅሬታ አላቀረበም፤ እኔ ግን አውቄያለሁ።» ስህተቱን ያየችው ራሳቸው ያሰለጠኗት ወ/ሪት ሬሐና ሀሰኖ ነበረች። «ኦቦ፣ ይሄ ቢጫ አልበዛበትም?» ለማለት ሦስት ቀን እንደፈጀባት ነግራናለች። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ የሥራ መዝገባቸውን አውጥተው አስራ አንዱን ሰዎች አብረዋት ፈለጉ። በእኛ ማህበር ማንም ሳይጠይቀው ስህተቱን ቆጥሮ ያቀረበ ሌላ ሰው የለም።

ልባቸው በመድከሙ የዓይን ቀዶ ህክምናቸው ቢራዘምም ሥራውን አላቆሙም። እጁ የእሳቸው፣ ዓይኑ የሬሐና ሆኖ ሰዎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ጥርሳቸውን እንደ አዲስ ሰሩላቸው። አንዳንዶቹ «እኔ እኮ ወድጄዋለሁ» ብለው ሲከራከሩ፣ በረንዳ ላይ አውጥተው መስታወት ያስይዟቸው ነበር። እስከ መስከረም 2018 ዓ.ም. አስሩ ተጠናቀቁ።

አስራ አንደኛዋ የባለቤታቸው የወ/ሮ ተረፈች የፊት ጥርስ ናት። ሰው ይቅደም እያሉ መጨረሻ ላይ ያስቀመጧት እሳቸው ናቸው። ማህበሩ ለቅሶ ሲደርስ፣ ጥርሳቸውን ወ/ሪት ሬሐና እንድትሰራላቸው ጠይቆ ነበር። ወ/ሮ ተረፈች አፋቸውን በነጠላቸው ሳይሸፍኑ እንዲህ አሉን፦ «ጎቤ ያየልኝ ቀለም ነው፤ ቢጫም ይሁን። አትንኩብኝ።»

ለወ/ሮ ተረፈች፣ ለልጆቻቸው ለሌንጮና ለሄመን፣ መምህሯን ላጣችው ለወ/ሪት ሬሐና፣ እንዲሁም በሦስቱ ከተሞች የእሳቸውን ሥራ በአፋቸው ይዘው ለሚኖሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ከእንግዲህ የጥርስ ቀለም በቀን ብርሃን፣ ሰውየው ባለበት እንዲታይ፣ የ2012ቱም ውሳኔ እንዲሻር ማህበሩ ወስኗል። ኦቦ ጎበና በእጃቸው የጻፉት የአስራ አንዱ ሰዎች ዝርዝር በጽህፈት ቤታችን ይቀመጣል። አስሩ ስሞች በቀይ ተሰርዘዋል፤ የመጨረሻውን ማንም አይሰርዘውም።

የማህበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ቡራዩ