ጦር ሳይዙ ወንዙን የተሻገሩት የአቶ ኮአንግ ሩአች የሕይወት ጉዞ

አቶ ኮአንግ ሩአች ከአባታቸው ከአቶ ሩአች ቢየል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኛጋክ ሎኒ በ1941 ዓ.ም. ገደማ በኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ዳር ባለች አነስተኛ መንደር ተወለዱ። ቀኑን የመዘገበ የለም። እናታቸው ግን «ባሮ ሞልቶ ዓሣው በማሽላችን መካከል በዋኘበት ክረምት ነው» ይሉ ነበር።

በሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። በ1957 ዓ.ም. እንደ ኑዌር ወግ ስድስቱን የወንድነት መስመሮች በግንባራቸው ተቀበሉ፤ ምላጩ ሲያልፍ ዓይናቸው አልተርገበገበም ይባላል። አባታቸው ቡሬ በሬ ሸለሟቸው። ያን በሬ እያወደሱ ሲዘፍኑ፣ የሰሙ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ይቆሙ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እኩዮቻቸው የጦር መሪ አደረጓቸው። ከብት ሲዘረፍ ዱካ ተከትለው ያስመልሳሉ፤ ማፈግፈግ ሲመጣ ከሁሉም ኋላ ይቀራሉ። በሴት፣ በሽማግሌ ወይም በሕፃን ላይ ጦር ያነሳ ሰው ዳግም ከእርሳቸው ጋር አይዘምትም ነበር።

በ1967 ዓ.ም. በጋ ላይ ታናሽ ወንድማቸው ፑክ በግጦሽ ጠብ ከወንዙ ማዶ ተገደለ። ጎረምሶቹ ጦራቸውን ስለው ደጃቸው ተሰበሰቡ።

«የወንድምህ ደም እየጮኸ ዝም ትላለህ?» አሏቸው።

«ፑክን በሕልሜ ሳላየው አልሄድም» ብለው ተኙ።

በሕልማቸው ፑክ ጭጋግ በሸፈነው ረግረግ ውስጥ ከብቱን እየነዳ መጣ። ሲጠሩት ዞር ብሎ «ኮአንግ፣ ከብቶቹን አታስደንግጥብኝ» አላቸውና አለፈ። ሲነቁ ፊታቸው በእንባ ርሶ ነበር።

ረፋዱ ላይ ጦራቸውን ለእናታቸው አስረክበው ብቻቸውን በታንኳ ተሻገሩ። ማዶ ያሉት ሰዎች ከበቧቸው፤ እጃቸው ባዶ መሆኑን ሲያዩ ግን የሚያደርጉት ጠፋቸው። እርሳቸውም «ወንድሜን ልቀብር መጥቻለሁ። አብሮኝ የሚያለቅስ ካለ ይነሳ» አሉ። መጀመሪያ የተነሱት የገዳዩ እናት ነበሩ። ከልቅሶው በኋላ ሽማግሌዎች ገቡ፤ የደም ካሳው በከብት ተከፈለ፤ ዘመቻውም ቀረ። አንዳንድ ጓደኞቻቸው ግን ፈሪ ብለው ዓመታት ሙሉ አኮረፏቸው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይቆጠቁጣቸው ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኛኮንግ ቱት ጋር ጎጆ ቀለሱ፤ አምስት ልጆችም አፈሩ። በ1984 ዓ.ም. ወደ ጋምቤላ ከተማ መጥተው በኒውላንድ ሰፈር ኖሩ፤ ተጠምቀውም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኑ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ እየተመላለሱ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አስታረቁ። ሰው ሲቆጣ ወንበር ስበው አጠገቡ ይቀመጡ ነበር እንጂ አይገሥጹም።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸውን ታመው ሕክምና ሲከታተሉ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ ከእንቅልፍና ከንቃት መካከል ሆነው፣ ኛኮንግን ሊያጩ በሄዱ ጊዜ የዘፈኑትን ዘፈን ያዜሙ ነበር። ሁልጊዜም አንድ ቦታ ላይ ያቆሙታል።

«ረሳኸው እንዴ?» አሏቸው ኛኮንግ።

«አልረሳሁትም፤ እንዳያልቅብኝ ነው።»

የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በቤታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ በሰባ ስድስት ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ አምስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና በሽምግልናቸው የዳኑ ብዙ ቤተሰቦችን ትተዋል።

የሰላም ጌታ ለኮአንግ ነፍስ ጥላ ያለው ማረፊያ ይስጥልን፤ ለቀረነውም በኀዘን ያጣነውን እንቅልፍ ይመልስልን። አሜን።