ዝም ያሉ መስመሮች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6። ጠዋት።

የስልክ ጥሪ የሚያስተላልፈውን ሰርቨር እንደገና አስነሳሁት። ማሽኑ ደህና ነው። ሜሞሪው ይተርፈዋል፣ አልጋለም። ግን አዲስ ደዋይ አይገባም። የስህተት መዝገቡ የሚለው አንድ ነገር ብቻ፦ የተከፈቱ ፋይሎች በዝተዋል።

ላንተ ላስረዳህ፣ ማስታወሻዬ። ሌላ የሚሰማኝ የለም። ማሽኑ የሚሠራበት ሲስተም፣ ዩኒክስ፣ እያንዳንዱን ግንኙነት እንደ ክፍት ፋይል ይቆጥራል። ከካርቱም ወደ አገር ቤት የሚደወል ጥሪ ሁሉ አንድ ፋይል ይይዛል። ለአንድ ፕሮግራም የተፈቀደው 1024 ነው። ሲሞላ በሩ ይዘጋል።

ገደቡን 65536 አደረግሁት። ስክሪኑን ጠየቅሁ፤ አዲሱን ቁጥር መለሰልኝ። አለቀ። ሻይ ጠጣሁ፣ ብቻዬን።

ዓርብ፣ ኅዳር 9። ከሰዓት።

እንደገና ወደቀ። ዓርብ ብዙ ሰው የሚያርፍበት ቀን ነው፤ ሁሉም ይደውላል። የሱቁና የሰርቨሩ ባለቤት ከማል ከመስጊድ በቀጥታ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወዳለው ሱቁ መጣ። ጀላቢያው ነጭ፣ ፊቱ ጥቁር። ስለ ገደቡ ነገርኩት፤ አልሰማኝም። የጥሪውን ዝርዝር አይቷል። ግማሾቹ መስመሮች ላይ ንግግር የለም።

«ያ ተሰማ» ብሎ በስሜ ጠራኝ፤ «ሰዎቹ እኮ አያወሩም። መስመር ይዘው ይተኛሉ። ዝም ያለውን ቁረጥ፣ ኸላስ።»

የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ በእሱ ዋስትና ነው። እሺ አልኩ። ደግሞም ትክክል መሰለኝ። አምስት ደቂቃ የሰው ንግግር ያልተሰማበት መስመር እንዲቆረጥ አዘዝሁ።

ሞከርኩት። የምደውልለት ስለሌለ ከአንዱ ስልኬ ወደ ሌላው ደወልኩ። አንዱን ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ። የራሴን ማራገቢያ ሳዳምጥ ቆየሁ። ተቆረጠ። ይሠራል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10።

ደንበኛችን ዘውድነሽ መጣች። እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ የምትኖር ናት። ገበያ ተልካ፣ ሪክሻውን፣ ባጃጁን፣ ውጭ አቁማ፣ የሽንኩርት ፌስታል እንዳንጠለጠለች። ለምን እንደሚቆረጥ ጠየቀችኝ።

ልጇ ሜሮን ደባርቅ፣ አያቷ ጋ ናት። ልጅቷ የቤት ሥራ ስትሠራ ስልኩ አጠገቧ ክፍት ይቀመጣል። እናት እዚህ ዕቃ ታጥባለች። አይነጋገሩም። የሳህኑን ኳኳታ እየሰማች ትጽፋለች። ትናንት ተቆረጠ። መልሳ ደወለች፤ ደግሞ ተቆረጠ። ልጅቷ እናቴ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው ብላ አለቀሰች። በሦስተኛው ስልኩን አልይዝም አለች።

ዝም ስላላችሁ ነው፣ አውሩ አልኳት።

«ምን እናውራ፣ ጋሼ? በዚህ ሁሉ ዓመት ያላወራነው የለም። አብሮ መዋል ነው የቀረን።» ፌስታሉን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። «ወይስ ለማሽንዎ ስል ሳህኑን እየሰደብኩ ልጠብ?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ማዳም ትጠብቃለች፣ ያላ ብላ ሄደች።

እሑድ፣ ኅዳር 11።

ቅዳሴ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች ከበቡኝ። ስለ መስመሩ። ያንን ሲጨርሱ ለየቤታቸው ሄዱ። የት ነው የምትውለው ያለኝ የለም።

ሱቅ ተመለስኩ። ዛሬ ስክሪኑን ሳይሆን የሚሠራውን ፕሮግራም ራሱን ጠየቅሁት። አሁንም 1024።

ማክሰኞ የቀየርኩት ትእዛዝ የምጽፍበትን የራሴን መስኮት ገደብ ብቻ ነው። የስልኩን አገልግሎት የሚያስነሳው ሲስተሙ ነው፤ የኔን መስኮት አያውቀውም። የጓዳዬን በር አስፍቼ የሱቁ በር ሰፋ ብያለሁ። ይህን ሥራ ስሠራ ሸበትኩ።

በአገልግሎቱ በራሱ ማዘዣ ውስጥ ጻፍኩት። አስነሳሁ። ጠየቅሁ። 65536።

ሰኞ፣ ኅዳር 12። ከሰዓት።

ክፍት መስመሩ ከድሮው ገደብ አልፏል። ማንም አልተከለከለም። ለከማል ደወልኩ፤ ስህተቱ የኔ ነበር፣ መቁረጡ አያስፈልግም አልኩት። አዲሱ ገደብም መቁረጡም ይኑር አለ። ዝም ያለ መስመር ማንን ይጠቅማል? ከዚያ ኢቃማው በዚህ ወር እንደሚታደስ አስታወሰኝ፣ ኢንሻአላህ። በቁጣ አይደለም።

ጥሪ አላዳምጥም። የማየው መስመር ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው። ከሪያድ ወደ ደባርቅ አንድ ተከፈተ። ተነስቷል ማለት ነው፤ ልጅቷ ታርቃለች። አምስት ደቂቃ ሆነ። ዝም ብለው ኖሮ ማሽኑ ቆረጠው። እንደገና ተደወለ። ጠራ፣ ጠራ። የሚያነሳ የለም።

መቁረጫውን ትእዛዝ ሰረዝኩት።

ለከማል ጻፍኩለት፦ አንስቼዋለሁ፤ መመለስ ከፈለግህ ሌላ ሰው ይመልሰው፣ እኔ አልመልሰውም። ለኢቃማው ሌላ ዋስ እፈልጋለሁ።

ለዘውድነሽም ላክሁ፦ አሁን ደውዪ፤ ማውራት አያስፈልግም።