የአርጎን እሳትና የጾም ወተት

ይድረስ ለልጄ ለሱራፌል፤ እጅህን ይባርክልኝ፣ ናይሮቢም እንደ እናት ትቀፍህ።

ላማችን ወልዳለች፤ ፍልሰታ ነውና ወተቱ ለጥጃዋ ሆኗል። የአገራችን ልጅ የውብዳር እዚያው ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ካለው ሱቋ መጥታ የነገረችኝን ከሰማሁ ወዲህ ግን እህል አልወርድልኝ ብሏል። በአርጎን ጋዝ ብየዳው ብረቱና የማይዝገው ስቴንለስ እሺ ቢሉህም አሉሚኒየሙ እየቀለጠ ይበሳብሃል አለችኝ። እሱን አጥርተህ ለማየት የብየዳ ጭንብሉን ታነሣለህ፤ ዓይንህም በብልጭታው ደም መስሏል። ለጭሱ ማርከሻ ወተት ጠጣ ሲሉህ ደግሞ «ጾም ነው» ትላለህ።

ልጄ፣ አባትህ በዚሁ እሳት ዓይኑን አጥቶ ዛሬ እኔን የሚለየኝ በኮቴዬ ነው። ሌላ ዕውር የምመራበት ጉልበት የለኝም! የንስሐ አባታችን እግር ላይ ወድቄ ጠየቅኋቸው፤ የታመመ ይጠጣ ብለዋል።

የዓይንህን ብርሃን አምላክ ይጠብቅልኝ። እባክህ ጭንብልህን አታንሣ፤ ወተቱንም ጠጣ። ሰው ሁሉ ሲፈስክ ያንተን ጾም በአንተ ፈንታ እኔ እጀምርልሃለሁ።

እናትህ አያልነሽ