«ቲኬቴ እየመጣ ነው»

እሑድ፣ መጋቢት 14

ለልጄ፣ ለሆዴ፦

አክስትህ ዘንድ በደህና መድረስህን ሰማሁ። «እረፍት ወጥቼ ነው» ብለሃታል አሉ። እሷ የዋህ ናት፣ ታምንሃለች፤ እኔ ግን ወልጄሃለሁ። ቅያሪ ካልሲ እንኳ ሳይዝ እረፍት የሚወጣ ሰው አላየሁም።

እኛ ደህና ነን። ባቡሩም ያው ነው፤ ጠዋት ጠዋት አንዴ ያነሳሁትን እግር መልሼ የማሳርፍበት ቦታ አጣለሁ። ቲኬት ቆራጩ ከፉርጎው ጫፍ ንቅንቅ ማለት ስለማይችል፣ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይሄዳል፣ ቲኬቱም እንደዚያው ይመለሳል። መክፈል የማይፈልገውም ይህን ስለሚያውቅ፣ እንዳንተ ያለ ተቆጣጣሪ ሲመጣበት «ቲኬቴ እየመጣ ነው» ይላል። ስንቱ እንዲህ እያለ እንደሸወደህ እራት ላይ እየተንጨረጨርክ ስትነግረኝ ኖረሃል። ያ ግንበኛ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያንኑ ሲልህ ለምን እንዳላመንከው ይገባኛል።

ግን ልጄ፣ እውነቱን ነበር። ቲኬቱ እኔ እጅ ላይ ነበር።

አዎ፣ ያን ቀን እዚያው ፉርጎ ውስጥ ነበርኩ። የቀደመው ባቡር አምልጦኝ፣ አንድ ግዙፍ ሰው ብብት ሥር ተወትፌ፣ «ለበሩ ሰውዬ አቀብዪ» ተብሎ የተሰጠኝን ቲኬት ይዤ ስንጠራራ፣ ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንተ ጣቢያው ላይ ቆመህ የግንበኛውን አንገትጌ ይዘህ ስትስበው አየሁ። «ተው!» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ጫጫታ ማን ይሰማኛል?

ሐሙስ ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ባለቤቱ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ የማን እናት እንደሆንኩ ስነግራት ግን ፊቷን አዞረች። አልፈርድባትም። መሥሪያ ቤታችሁ «ሳይከፍል ተሳፍሮ፣ ሊያመልጥ ሲዘል ነው የወደቀው» ብሎ ማሳከሚያ ከልክሏቸዋል። አለቃህም ይህን የሚለው አንተ ስላልክ ነው።

ጉዳዩ ረቡዕ ፍርድ ቤት ይታያል። እኔም ለምስክርነት ተመዝግቤያለሁ። አጎትህ «የገዛ ልጅሽን!» ብሎ ጮኸብኝ። ጎረቤት ደግሞ «ሆድ ይፍጀው በዪ» ይለኛል። የእኔስ ሆድ ስንቱን ይፍጅ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሰውየው አልጋ ላይ ወድቆ ግን እስኪያድር አልጠብቅም። ዳኛ ፊት ቆሜ «አላየሁም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብዬ አልምልም። ሥራህን ልታጣ ትችላለህ፣ ከዚያም ሊብስ ይችላል። እፈራለሁ። ቢሆንም እሄዳለሁ።

እስከ ማክሰኞ መጥተህ ራስህ ከተናገርክ ቃሉ ያንተ ይሆናል፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። ካልመጣህ ግን ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ፦ አንገትጌውን ይዘህ መሳብህንም፣ ሲወድቅ ደግሞ ልትይዘው በደረትህ ሲሚንቶው ላይ ተወርውረህ እጅህን መስደድህንም። ይህን ሁለተኛውን ለራስህ እንኳ የነገርከው አይመስለኝም።

ፈጣሪ መንገድህን ወደ ቤት ያቅናልህ።

ወልዳ የማትክድህ፣
እናትህ