እቴቴ ጋ የሚበላ ዓሣ

ጥቅምት 4
ዛሬም አባዬ አልበላም። እማዬ ሾርባውን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ስትለምነው ረፈደ። ማንኪያው ከንፈሩ ሲደርስ ጥርሱን ግጥም። ሕመሙ ቀኝ ጎኑን ሽባ ካደረገው ወዲህ ቃል አይወጣውም፤ አሁን ደግሞ አፉን ዘጋው።

ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ አየው። "ጉሮሮው ደህና ነው። መዋጥ ይችላል። አልፈልግም ብሎ ነው" አለ። እንዲህ ከቀጠለ በአፍንጫው ቱቦ...

"እንደ መኪናው ነዳጅ ልትቀዱለት ነው?" አለችው እማዬ። ሐኪሙ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

መጋረጃ የምሰፋበት ሱቄ ገብቼ አንድ ሙሉ መጋረጃ ገልብጬ ሰፋሁ። ስፈታ ዋልኩ።

ጥቅምት 6
የእማዬ ሐሳብ። ዕቃ እያጠበች፣ ሳትዞር፣ "ባሕሩ ጋ እንውሰደው" አለች።

ዕድሜውን ሙሉ ከወደብ ከተማዋ ዓሣ የጫነ የበረዶ መኪና ሲነዳ ኖረ። ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ የበላውን ያወራልናል። ወደቡ ላይ የተጠበሰውን፣ ሽሪምፑን፣ ሸርጣኑን... መጨረሻ ላይ ግን ሁሌ አንድ ነው። "ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል! እቴቴ ጋ የሚበላ ዓሣ ብትቀምሱ!" ይልና ዓይኑን ይጨፍናል።

እማዬ በምግብ ቤት ትቀና ነበር። እውነቴን ነው። "ሴትዮዋ ምን ብትጨምርበት ነው?" እያለች አንዴ ሎሚ፣ አንዴ ነጭ ሽንኩርት... በልቶ "ደህና ነው" ይላታል። ደህና ነው! ከስድብ ይከፋል። አንድም ቀን ግን ይዟት አልሄደም። "ለሽርሽር የሚሆን ከተማ አይደለም።"

"እዚያ ይበላል። አውቀዋለሁ" አለች።

ጥቅምት 9
የጉዞ ዕቅድ በመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ። የከተማዋን ካርታ ከመጋረጃ ጨርቁ ጎን ዘረጋሁት። መጀመሪያ ወደቡ፤ ዓሣው ተጠብሶ እሾሁን እኛ እንለቅምለታለን። ቀጥሎ ሽሪምፕ፣ በደቃቁ ተከትፎ። ሸርጣን፣ ሥጋው ብቻ ወጥቶ። መዝጊያው እቴቴ ጋ።

ሁሉንም በስልክ አዳረስኩ። "ተሽከርካሪ ወንበር ያስገባል?" "ደረጃ አለው፣ ግን ችግር የለም፣ እንሸከማቸዋለን።" ደስ አለኝ። ከአባዬ ሕመም ወዲህ አንድ ነገር የያዝኩ መሰለኝ።

እቴቴ ጋ ግን የለም። የሚያውቀው ሰው ጠፋ። አንዱ "እማማ ጋ ለማለት ፈልገሽ ይሆናል" አለኝ። ለእማዬ ስነግራት ቧንቧውን ዘግታ፣ "እሱ ከሌለማ ምን ልንሠራ እንሄዳለን?" አለች።

ጥቅምት 11
ብሎን ጋ ደወልኩ። የአባዬ የድሮ ረዳት ነው። አጭር ነው፤ የተቀመጠበት ቦታ ጠብቆ ስለሚቀር አባዬ ያወጣለት ስም ነው።

"እቴቴ ጋ" ስለው ሳቀ። ሳቁን ጨረሰ።
"ምግብ ቤት ነው ያለሽ ማነው?"
እንዴ... ማን አለኝ? ማንም አላለኝም። እገሌ ጋ በላሁ ሲባል ሁሉም ሰው ምግብ ቤት አይደል የሚመስለው? "ጋ" ብሎ ዘጋው፣ የምግብ ቤት በር የከፈትንለት እኛ ነን።
"እናትሽ አጠገብሽ ናት?"
"የለችም።"
"ስሚ፣ እኔ አልነገርኩሽም። ቤት ነው። የሴት ቤት። እኔ ረዳት ሆኜ ስገባ ነበረች፣ ስወጣም ነበረች።"

ቤቷን ጠቆመኝ፤ ከበረዶ ፋብሪካው ጀርባ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ። እኔ ዘንዶውን በስልክ ጠራሁት።

ጥቅምት 12
እማዬ፦ "አገኘሽው?" እኔ፦ "ተዘግቷል አሉ።"

ጥቅምት 14
እማዬ ወጣ ስትል ገባሁበት። ልጮህበት ነበር። ትራሱ ውስጥ ሰምጧል፤ ከአንሶላው በላይ ያለው አፍንጫው ብቻ ነው። ግራ ዓይኑ ያየኛል። ቀኙ ከታመመ ወዲህ በራሱ ጊዜ ስለሚያነባ ምን እንደተሰማው አይታወቅም። ተጠግቼ በጆሮው "እቴቴ ጋ" አልኩት። በጭካኔ ነው ያልኩት።

እጄን ያዘኝ። ያ ጥርሱን የሚገጥም አፍ... ተከፈተ።

ወጥቼ ኩሽና ውስጥ ቆምኩ። ምን ላድርግ? ለእማዬ ብነግራት ትሞትብኛለች። ባልነግራት እሱ ይሞትብኛል።

ጥቅምት 18
ባሕሩ ጋ ነን፤ "ሌሎቹ ቤቶች አሉ" ብዬ እማዬን አሳመንኳት። ዕቅዱን አንድ በአንድ ሄድንበት፤ እቴቴ ስትቀር። ወደቡ ላይ እማዬ የዓሣውን እሾህ ስትለቅም ጣቷ ደማ። "ይኸው ዓሣህ፣ ይኸው ባሕርህ" አለችው። አልከፈተም። ሽሪምፑን አላየውም። ሸርጣን ቤት ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አስተናጋጁ መጥቶ "ምግቡ አልተስማማችሁም?" አለን።

ሆቴሉ ክፍል ስንገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠች።
"እጄን ነው የጠላው?"

ይቺን አልቻልኳትም።
"እማዬ፣ እቴቴ ጋ አልተዘጋም።"
"ታዲያ?"
"ምግብ ቤት አይደለም።"

አየችኝ። "ቤት ነው?" አለች። "ቤት ነው" አልኩ። መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ውኃው ሲፈስ ይሰማኛል። ስትወጣ ፊቷ ደርቋል።
"ጠዋት እንሄዳለን።"
"ለምን ብለን?"
"አልበላም እኮ!"

ጥቅምት 19
የጠበቅኩት ቀለም የተቀባች ምን የመሰለች ሴት ነበር። በሩን የከፈተችው ከእማዬ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ወገቧን በሽርጥ ያሰረች፣ ጉልበቷ የሚያማት አሮጊት ናት። ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ አባዬን ስታይ መሬት ላይ ተቀመጠች።
"ሹፌሮቹን ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ... ሞቷል ብዬ አልቅሼ ጨርሻለሁ" አለች።
"አልሞተም። ግን አይበላም" አለች እማዬ። "ዓሣ አለሽ?"
"አለ እመቤቴ።"
"እመቤቴ አትበይኝ። ሥሪለት።"

እማዬ ኩሽናው በር ላይ ቆማ እጇን እጇን አየቻት። ውኃ። ጨው። ዓሣ። በቃ። ሌላ ምንም አልገባበትም። እማዬ ወደኔ ዞራ፣ "ምንም አልጨመረችበትም" አለች፤ ድምፅዋ እንደተሰረቀ ሰው ነበር።

በላ። ማንኪያው ሳይደርስ አፉን ከፈተ። ሳህኑ ባዶ ሆነ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሁለቱንም ጠላኋቸው፤ እሱንም እሷንም። አለቀስኩ። እማዬ ግን በሩን ተደግፋ፦

"ቀስ ብለሽ። በግራ በኩል አድርጊለት፤ በቀኝ ይፈስበታል።"

ጥቅምት 22
በየቀኑ ተመላለስን። እማዬ በራሷ እጅ ልትሰጠው ሞከረች። ያው ዓሣ፣ ያው ሳህን። ጥርሱን ገጠመ። ሳህኑን ለሴትዮዋ መለሰችላት፤ ከፈተ። ሌላ ጊዜ አልሞከረችም።

ዛሬ "የአባትሽን ልብስ ከሻንጣው አውጪ" አለችኝ። ተጣላን። "ትተሽው ልትሄጂ ነው? ለእሷ?" አልኳት። "ለእሷ አይደለም። ለምግቡ ነው" አለች። መድኃኒቱን አሳየቻት፤ ጀርባው እንዳይቆስል እንዴት እንደሚገለበጥም። ሴትዮዋ "እርስዎም ይቆዩ፣ ክፍል አለ" ስትላት፣ "እኔ ቤት አለኝ" አለች።

ልንወጣ ስንል አባዬ በደህናው እጁ የእማዬን ቀሚስ ጨበጠ። አልለቅ አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው።

ኅዳር 3
ቤቱ ሰፋብን። ጎረቤት ሲጠይቅ "ለሕክምና ሄዷል" እንላለን። ውሸትም አይደል። ሱቅ ገባሁ፤ የሙሽሮች መጋረጃ ነው፣ ቀጥ አድርጌ ሰፋሁት። እማዬ ለሁለት ሰው ማብሰል አልለመደባትም፤ ታበዛለች፣ ይደፋል።

ሴትዮዋ ምሳ ሰዓት ላይ ትደውላለች። "በላ" ትላለች። "እሺ" ብዬ እዘጋለሁ። እማዬ አትጠይቅም፤ ግን ስልኩ እስኪጮኽ ከወንበሯ አትነሣም።

ኅዳር 9
ዛሬ ሲደወል ድምፁን ከፍ አደረግኩላት።
"በላ። ደግሞም... አንድ ቃል ተናገረ" አለች ሴትዮዋ።
"ምን አለ?"
"የእናትሽን ስም" አለች።

ስልኩን ዘጋሁ። እማዬ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረች። የጸዳውን ጠረጴዛ።
"ውሸቷን ነው" አለች። "አዝናልኝ ነው።"

ምሳ ቀረበ፤ አልነካችውም። ዕቃ ስናነሳ፣ እንደ ዋዛ፦
"በቤት ስሜ ነው የጠራኝ ወይስ በዋናው? እስቲ ጠይቂያት።"

በቤት ስሟ ከእሱ በቀር የሚጠራት የለም። ሴትዮዋ ልታውቀው አትችልም፤ የምታውቀው ዋናውን ብቻ ነው።

ስልኩ እጄ ላይ ነው። እማዬ ከወዲያኛው ክፍል "ደወልሽ?" ትላለች። "አይነሳም" አልኳት። አልደወልኩም። በዋናው ብትለኝስ?