ወንድምዎ ሴንሰሩን በእኔ እጅ የቀየረበት ቅዳሜ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት እቴቴ፣

ሰላምታዬ ከደጅዎ ጀምሮ እስከ ጓዳዎ ይግባልኝ። ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለውኝ ነበር፤ ሕመምዎን እንዳይደብቁኝ አደራ። እኛ ደህና ነን። በስልክ ትቼ በደብዳቤ የመጣሁት፣ ከእርስዎ ጋር ሳወራ ወንድምዎ ከአጠገቤ ስለማይነሳ ነው።

መጀመሪያ የጎረቤታችንን የመምህሩን ወሬ ልንገርዎት። ኩላሊታቸው አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን ይታጠባል፤ ፊታቸው ግን ወዘናው ተመልሷል። ትልቋ ልጃቸው መንታ ወለደች። አንደኛው አያቱን ቁርጥ ነው አሉ፤ ሲያለቅስ እንኳ ተማሪ የሚቆጣ ይመስላል። ባለቤታቸው አራሷን ሊጠይቁ ሄደው እዚያው ሰነበቱ። ስለዚህ መምህሩን ሆስፒታል የምናመላልሳቸው እኛ ነን፣ በዚያች በትንሿ መኪናችን። አንድ ቀን እንኳ መቅረት አይችሉም፤ ከቀሩ በሰውነታቸው የሚጠራቀመው ውሃ ልባቸውን እንደሚያስጨንቀው ሐኪሙ ነግሯቸዋል።

ታዲያ መኪናዋ አመል አላወጣችም መሰለዎት! ጠዋት እሺ ብላ ትነሳለች፤ ግማሽ ሰዓት ሄዳ ስትሞቅ ድንገት ጭጭ። በረድ ስትል ደግሞ ምንም እንዳላደረገች ትነሳለች። ባለፈው ሐሙስ ከሆስፒታል ስንመለስ አደባባዩ መሃል ቆመች። የኋላው ጥሩምባ፣ የጎኑ ስድብ! መምህሩ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ "የእኔስ ኩላሊት ይታጠባል፣ የዚችን ምኗን እንጠብላት?" ብለው አሳቁን። ሲስቁ ግን ከንፈራቸው ደርቆ ነበር፤ ፀሐዩ ውስጥ አርባ ደቂቃ ነው የቆየነው።

ፊሽካን ያስታውሱታል? ወንድምዎ መካኒክነት ያስተማረው፣ ሲሠራ የሚያፏጨው። ዛሬ የራሱ ጋራዥ ያለው ባለ ጺም ሰው ሆኗል። ነገሩን ሲሰማ አምጧትና ልያት አለ። ወንድምዎ እንደ ስድብ ቆጠረው። "እኔ በቁሜ መኪናዬን ለተማሪዬ ላስዳስስ?" አለ። ኩራቱ ነው ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ኮፈኗን ከፈትን። እቴቴ፣ ሃያ ሰባት ዓመት አብሬው ስኖር ለካ የዚህን ሰው ሥራ አይቼው አላውቅም! እኔ የማውቀው ዘይት የጠጣ ቱታውን ነው። ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ጠበቅን፤ እንደ ልማዷ ጠፋች። "ስትጠፋ እየተንገጫገጨች ነው ወይስ አንድ ጊዜ?" አለኝ። አንድ ጊዜ አልኩት። "ነዳጅ ቢሆን ያንቃት ነበር። በይ አሁን ቁልፉን አዙሪና የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው መርፌ ይነሳ እንደሆነ ንገሪኝ" አለ። እሱ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ነበር፤ መርፌው ካፍንጫው ሥር ነው። ንቅንቅ አይልም አልኩት። "እንግዲያው የሞተው ሴንሰሩ ነው" አለ። "ሞተሩ መዞሩን የሚያወራ አለ፤ እሱ ሲሞቀው አንደበቱ ይያዛል። ሞተሩማ ደህና ነው።"

ደውለንለት ፊሽካ አዲሱን ሴንሰር በሰው ላከልን፤ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ነገር። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወንድምዎ ጎንበስ ይላል ስል መፍቻውን ለእኔ አቀበለኝና፣ "ያንቺ እጅ ቀጭን ነው፣ ይገባል" አለ። እቴቴ፣ የእኔን እጅ ያውቁታል፤ የሠርጌ ቀለበት ዛሬ ትንሿ ጣቴ ላይ እንኳ አይገባም!

አስቀድሞ የባትሪውን ጥቁር ሽቦ አስፈታኝ። ከዚያ እስከ ክርኔ ሞተሩ ውስጥ ገባሁ። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይመራኛል። "ወፍራም የጎማ ቱቦ ይገጥምሻል፣ እለፊው። ወደ ታች። አሁን አንዲት ብሎን አለች። ከሷ በላይ የሽቦው መሰኪያ። ምላሱን ተጫኚና ሳቢ፤ ሽቦውን እንዳትጎትቺ፣ እንዳትጎትቺ አልኩ!" ሁሉንም እሱ በጠቀሰው ቦታ አገኘሁት። የሞተሩን ሆድ እንደ ገዛ ቤቱ ነው የሚያውቀው።

ብሎኗን ስፈታ አመለጠችኝ። እኔ መሬት ለመሬት ልፈልጋት ስንበረከክ፣ "ተነሺ፣ መሬት አልደረሰችም። ሲሚንቶ ብትነካ ትጮህ ነበር፤ ከሥር ያለው ፕላስቲክ መሸፈኛ ላይ ናት፣ በፊት ጎማው በኩል" አለኝ። እጄን ብሰድ ቁጭ ብላለች!

አሮጌው ሴንሰር እንደ ክፉ ጥርስ እምቢ ብሎ ብሎ ወጣ። አዲሱ ግን አልገባም አለ። ስገፋው፣ "ተይ፣ ትሰብሪዋለሽ!" ብሎ ተነሳና የመኪናዋን ጎን እየዳሰሰ መጣ። አሮጌውን ከእጄ ተቀብሎ በጣቱ አንድ ጊዜ ዙሪያውን አሸው። "የጎማ ቀለበቱ የለም፤ ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል" አለ። እኔ ዓይኔን አፍጥጬ ያላየሁትን! በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብዬ አወጣሁት። አዲሱ ሰተት ብሎ ገባ፣ ብሎኑን አሰርኩ፣ መሰኪያውም ጠቅ አለ። "ሰማሁት" አለ፣ አፌን ሳልከፍት። እንዲህ ያለ ሰው አግብቼ ኖሬ ነው ዝምተኛ ነው ስል የከረምኩት!

ተነሳች። ቁልፉን ልሰጠው ብል፣ "አንቺው ሞክሪያት" አለ። መንጃ ፈቃዴ መሳቢያ ውስጥ አሥር ዓመት ተኝቷል። አንድ ሰዓት ሙሉ እሱን አጠገቤ አድርጌ ዞርኩ፤ አንድም ጊዜ አልቆመችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወገቤን ያመኛል እያለ የምነዳው እኔ ነኝ። መምህሩንም ሰኞ በሰዓታቸው አደረስኳቸው። እውነቱን ልንገርዎትና በመንዳቴ ደስ ብሎኛል። ከሁለት ወር ወዲህ ወንድምዎ ሲነዳ ሁለት ጊዜ የመኪናዋን ቀኝ ጎን በግቢያችን በር ብረት ፍቆታል። በሩ ጠበበ ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልጠበበ በር!

እቴቴ፣ እኔ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ፣ አባታችሁ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህንኑ በር በእጃቸው ሲፈልጉት እርስዎ ነበሩ ክንዳቸውን ይዘው የሚመሯቸው። ያን ጊዜ የዓይን ሐኪሙ ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ኖሮ ያላችሁን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ ስለ ሐኪም አንድ ቃል ብጀምርለት ይቆጣል። እርስዎ ግን እንደ እናት ያሳደጉት እህቱ ነዎት። ጉልበትዎ ከቻለ ይምጡልኝ፤ መነኸሪያ ድረስ ራሴ ነድቼ እቀበልዎታለሁ።

ሌላው ወሬ፣ ትናንት ከሰዓት ፊሽካ መጣ። ኮፈኗን ከፍቶ በባትሪ መብራት አየና ማፏጨቱን አቆመ። "ጋሼ፣ እጅዎ ዛሬም ያው ነው" አለ። ወንድምዎም፣ "የሷ እጅ ነው" አለው። በሰው ፊት ሲያመሰግነኝ የመጀመሪያው ነው፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ፊሽካ ስቆ፣ "ታዲያ እርስዎ ምን ይሠሩ ነበር?" ቢለው፣ "እኔማ ቁጭ ብዬ እያየኋት ነበር" አለ።

ፊሽካ ሊሰናበት እጁን ዘረጋለት። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ወንድምዎ ፊት ለፊት ቆሞ ፈገግ እንዳለ ነው። በኋላ ፊሽካ ራሱ የወንድምዎን እጅ ፈልጎ ጨበጠው። በሩ ድረስ ስሸኘው፣ "እትዬ፣ ቁልፉ ከእርስዎ እጅ እንዳይወጣ" አለኝና ሄደ።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ መንገዱን ቀና፣ ቀኑን ቅርብ ያድርግልን።

የወንድምዎ ሚስት፣ ታናሽ እህትዎ