ስለ ወንድሜ ዓይኖችና ስለ አስደሳቹ የመንደር ጉብኝትዎ

መሐል ሜዳ፣ ግንቦት ፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዓምደ ሚካኤል፣
የሰላማዊት የሐይቅ ሽርሽር ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እያልኩ፣ የጣና ነፋስ ሳይነካዎ፣ ወባውም ሳይደፍርዎ፣ ከነሙሉ አካልዎ፣ በተለይም ከነሁለቱ ዓይኖችዎ ይህች ደብዳቤ እንድታገኝዎ እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ብርዱ እንደ ልማዱ ነው፤ በጎቹ ወልደዋል፤ ታላቅ ወንድሜ ቁም ጸሐፊው ገብረየሱስ ቅጣውም ከጾሙ አጋማሽ ወዲህ ግድግዳ እየዳበሰ እስከ ደጃፉ መድረስ ችሏል።

በመጋቢት ወር በላኩልን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ እኛ የመንዝ ሰዎች መርከብዎን እንዳገትን፣ ሠራተኞችዎንም እንዳንገላታን ገልጸው፣ በጽሑፍ ይቅርታ እንድንጠይቅ አዝዘውናል። ትእዛዝዎን በደስታ እፈጽማለሁ። ነገር ግን ሃያ ዓመት በወረዳ ፍርድ ቤት የሌላውን ሰው ክስ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ በደል ሳይዘረዘር ይቅርታ መጠየቅ አልተማርኩም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

፩ኛ፤ በቅድሚያ ስለ ግብዣዎ ላመስግንዎ። በጠላት ወረራ ጊዜ የሰበካችን ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ከተአምረ ማርያም መጽሐፋችን አሥራ አራት ቅጠል ብራና ነድዶ ነበር። ወንድሜ መጽሐፉን እንደ አዲስ ሲጽፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶ፣ የጎደለው ዘንድ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ሙሉው ቅጂ ከጣና ገዳማት በአንዱ እንዳለ ያውቅ ነበርና። የጽዋ ማኅበርተኞቹ የሆንን አሥራ አንድ ሰዎች ከጥምቀት በኋላ አጅበነው ወጣን። ባሕር ዳር ስንደርስ በቢሮዎ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት በአንድ ቀን ሦስት ደሴቶችን፣ ውሃው ወደ የብሱ የሚገባባቸውን ውብ ሰላጤዎች፣ በመጨረሻም «የመንደር ጉብኝት ከሞቀ ባህላዊ አቀባበል ጋር» እንደምናይ ያስረዳ ነበር። ጸሐፊዎም ለፈረንጆች ተይዘው የነበሩ ቦታዎች ድንገት እንደተለቀቁና ለእኛ ለአገር ልጆች በግማሽ ዋጋ እንደሚሰጡን በፈገግታ ነገረን። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ለምን ተለቀቁ ብዬ መጠየቅ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ አልጠየቅሁም። ይህ የመጀመሪያው ጥፋታችን ነው፤ ይቅርታ።

፪ኛ፤ መጽሐፉ ባለበት በመጀመሪያው ደሴት ላይ ስለተደረገልን መስተንግዶ። መነኮሳቱ ወንዶቹን በክብር ተቀብለው፣ ዕቃ ቤቱን ከፍተው፣ መጽሐፉን አትሮንስ ላይ ዘረጉለት። ወንድሜ እጁን ታጥቦ፣ የቀለም ቀንዱን መሬት ላይ ተክሎ መጻፍ ጀመረ። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ሲደርስ የመርከብዎ ፊሽካ ነፋ። ሌሎቹን ደሴቶች ማናችንም እንደማንፈልግ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው ብንቆም ደስ እንደሚለን ለአስጎብኚዎ ለአቶ አዳነ አመለከትኩ። እሱም «ፕሮግራም ፕሮግራም ነው፤ አንተ ደብተራ ተነስ!» ብሎ፣ ወንድሜን በነጠላው ጫፍ ጎትቶ ወደ ውጭ አወጣውና በአለንጋ ይገርፈው ጀመር። ቀለሙ በዕቃ ቤቱ ወለል ላይ ፈሰሰ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ እጃቸውን መሐል ቢያስገቡ ሦስተኛው ግርፊያ በእሳቸው ክንድ ላይ አረፈ። እኛ እንዳንጠጋ ዘበኛዎ ጠመንጃውን አቀባብሎ ደረታችን ላይ ደግኖ ነበር። እኔም ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ እንደ ልማዴ ቆጠርኩ፤ ሰባት ነው። በሥራ ዘመኔ ሰባት ጅራፍ የተፈረደበት ሌባ አይቻለሁ፤ እሱ ግን በሬ ሰርቆ ነበር።

፫ኛ፤ የወንድሜ ባለቤት ወይዘሮ አልጣሽ፣ በአባቶች ሥርዓት ሴት ደሴቱ ላይ ስለማትወጣ መርከቧ ውስጥ ቀርታ ነበር። ባሏ ነጠላው ከጀርባው ጋር በደም ተጣብቆ ሲመለስ አይታ፣ የአቶ አዳነን አውራ ጣት እስከ አጥንቱ ነክሳዋለች። በደብዳቤዎ ውስጥ «አውሬያዊ ድርጊት» ያሉት ይህን ከሆነ ልክ ነዎት። ጥርሷ እንደሆነ ጠንካራ ነው፤ በገብስ ቆሎ ያደገ ጥርስ ነው።

፬ኛ፤ አሁን ወደ ሞቀው ባህላዊ አቀባበል ልግባ።

መርከቧ ወደ መጨረሻው ሰላጤ ስትገባ የመንደሩ ሰው ሴት ወንድ ሳይል በዳርቻው ቆሞ፣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጮኹ ሰማን። እኛ የደጋ ሰዎች የሐይቁን አገር ወግ አናውቅም፤ ወረቀትዎን ግን አምነናል። ስለዚህ እሪታውን የእንግዳ መቀበያ ዜማ መስሎን የጽዋ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴው ወሰኔ፣ ማጨብጨብ ጀመረ፤ እኛም ተቀብለነው እያጨበጨብንና እየዘመርን ወረድን። ክቡር ሆይ፣ ድንጋይ በሚወረወርበት ፊት እያጨበጨበ የሄደ ሰው ከእኛ በፊት የነበረ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ድንጋይ የወሰኔን አፍ አገኘው፤ የፊት ጥርሶቹን ከነዝማሬው ይዞ ገባ። ሁለተኛው የእኔን ጉልበት መታው። ከዚያ በኋላ እንደ በረዶ ወረደብን።

እኛም ዱላ ይዘን የምንሄድ ሰዎች ነን፤ ዱላችንም ለጌጥ አይደለም። አልዋሽዎትም፣ መታን። እኔ በዚህ የጽሕፈት እጄ የአንድ ጎልማሳ ክንድ ሰብሬአለሁ፤ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ፤ በዚያች ቅጽበት ደስ ብሎኛል፤ ዛሬ ደግሞ ያሳፍረኛል። ውሃው ዳር ጭቃው በደም ቀላ። ዘበኛዎ አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ተኩሶ ወደ መርከቧ ሮጠ፤ አቶ አዳነ ግን ቀድሞት ገብቶ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ወንድሜ ዱላ አልነበረውም። አሥራ አንዱ መስመር ያለበትን ብራና ማኅደሩ ውስጥ ከትቶ፣ በሆዱ ተኝቶበት ነበር። ቀና ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «አልጣሽ! ወዴት ነሽ?» ብሎ ለመጣራት። ድንጋዩ ያን ጊዜ ቀኝ ዓይኑን አገኘው። ዓይኑ በጉንጩ ላይ ፈሰሰ፤ ወይዘሮ አልጣሽ ደርሳ በነጠላዋ ጫፍ አቀፈችው።

ይህን ጊዜ መርከብዎ እኛን ጥላ ወደ ኋላዋ ትሸሽ ጀመር። ከመካከላችን ዋና የሚችል የለም፤ ሆኖም አምስታችን እስከ አንገታችን ገብተን የማሰሪያ ገመዷን ያዝን፤ ጎትተንም ከዳርቻው ዋርካ ላይ አሰርናት። እርስዎ «እገታ» ያሉት ይህ ነው፤ ቃሉ ትክክል ነው፤ ይቅርታ። እኔም ከዋርካው ሥር ቆሜ ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽሁ። አንድ የሚገርም ነገር ልንገርዎ፤ ያ ሁሉ ሰው ድንጋዩን ከእጁ ጣለ። በሕግ አምላክ ሲባል ያልቆመ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የሞተሩን ሠራተኛ «ገመዱን ቁረጠው!» እያለ ይጮህ የነበረው አቶ አዳነ ነው።

፭ኛ፤ አፈርሳታ ተቀመጥን። እርስዎ የከተማ ሰው ስለሆኑ ቢረሱት አይፈረድብዎትም፤ አፈርሳታ ሲጠራ በዳይ እስኪታወቅ ድረስ በቦታው የነበረ ሁሉ አይበተንም፤ ያየና የሰማ ሰው ደግሞ ለሽማግሎች በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ እሱም «ወፍ» ይባላል፤ ስሙ እስከ ዕለተ ሞቱ አይነገርም። ስለዚህ መንደርተኛውም፣ እኛም፣ ሠራተኞችዎም በአንድ ዋርካ ሥር እስከ ማግስቱ ረፋድ ተቀመጥን። ሠራተኞችዎ ተርበው እንደነበር በደብዳቤዎ ነቅፈውናል። እኛም ርቦን ነበር፤ ዓሣ ያበሉን የፈነከቱን ሰዎች ናቸው።

ድንጋዩን ማን ወረወረ ተብሎ ሲጠየቅ ወፍ አላስፈለገም። ጌታነሽ የሚሏት ሴት ራሷ ተነስታ «እኔ ነኝ። የመርከቡን ጌታ ያገኘሁ መስሎኝ ነው» አለች። ከሦስት ሳምንት በፊት መርከብዎ በዚያው ሰላጤ ውስጥ እንግዶችን ስታዝናና፣ መረብ ይጥል የነበረውን ልጇን ከነታንኳው ረግጣው አለፈች። ከመርከቧ ሥር የሚሽከረከረው ብረት ለሁለት ከፈለው። መርከቧ አልቆመችም። ጌታነሽ ከዳርቻው ሆና ያየችው፣ እንግዶቹ ፎቶግራፍ ሲያነሡ ነበር። የልጇን ግማሽ በማግስቱ አገኙት፤ ሌላውን ሐይቁ አልመለሰም።

የመንደሩም ሽማግሎች፣ ሳታስታርቁን ተመልሳችሁ እንዳትመጡ፣ ከመጣችሁ በድንጋይ ነው የምንቀበላችሁ ብለው በጽሑፍ አሳውቀውዎት ነበር። ይህ ደብዳቤ የት ገባ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ወፍ አስፈለገ። ወፉም ተናገረ። ከሠራተኞችዎ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልነግርዎትም፤ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዳቸውን ፊት ለፊት እያዩ ማሰብ የእርስዎ ፈንታ ነው። ወፉ እንዳለው፣ ደብዳቤውን በገዛ ዓይንዎ አንብበው፣ በዚያው ዕለት የፈረንጆቹን ቦታ ሰርዘው፣ እንዲህ ብለዋል፤ «ፈረንጅ ቢፈነከት ቆንስል ይመጣብኛል። የመንዝ ሰው ቢፈነከት ማን ይመጣብኛል? እነሱን ልካችሁ የመንደሩን ንዴት አስወጡት።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ስሰማ ዱላዬን አነሣሁ፤ የምመታው ሰው ግን በቦታው አልነበረም። አንድ ጎልማሳ ክንዱን የሰበርኩት፣ ጌታነሽ የወንድሜን ዓይን ያጠፋችው፣ ሁላችንም እርስዎን ስንፈልግ ነው። ወንድሜ ግማሽ ፊቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጌታነሽን አስጠራትና ይቅር አላት፤ እሷም እግሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ ከአልጣሽ ጋርም ሆነው ቁስሉን አጠቡለት። የሁለቱ አገር ሽማግሎች በአንድ ድምፅ የፈረዱት ፍርድ ይህ ነው፤ በመንዝና በመንደሩ መካከል ደም የለም፤ የልጁም ደም፣ የዓይኑም ደም፣ የክንዱም ደም በመርከቡ ጌታ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ መርከብዎን ፈታን።

፮ኛ፤ በመጋቢቱ ደብዳቤዎ ስለ ወንድሜ «መጠነኛ ጉዳት» ማዘንዎን ገልጸው፣ ለማጽናኛ አንድ የነፃ ሽርሽር ትኬት አያይዘው ስለላኩለት ምስጋናዬ ከልብ ነው። ትኬቱ የደረሰው የግራው ዓይን የቀኙን ተከትሎ በጨለመ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሐኪሙ አንዱ ሲቆስል ሌላው ሊከተለው እንደሚችል ነግሮን ነበር። ወንድሜ ትኬቱን በጣቶቹ ዳብሶ፣ ሠላሳ ዓመት ብራና የዳመጠ ሰው ነውና፣ ወረቀቱ ጥሩ ወረቀት መሆኑን ነገረኝ። ከዚያም ምን እንደተጻፈበት እንዳነብለት ጠየቀኝ። «ሰላማዊት፤ ዓይንዎ የማይጠግበው ውበት» ይላል። አላነበብኩለትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እርስዎ ግን የወጉትን እንኳን አላወቁትም። መጽሐፉ አሥራ አንድ መስመር ጨምሮ ቆሟል፤ ከእንግዲህ በዚያ እጅ አይቀጥልም። እኔ ስጽፈው የእሱን ያህል አያምርም፤ ሞክሬ ቀድጄዋለሁ፤ አልቅሻለሁም።

እንግዲህ በትእዛዝዎ መሠረት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ርካሽ ነገር ስለወደድን፣ እሪታን ዘፈን ስላደረግን፣ የተሰበረው ክንድ የእርስዎ ስላልሆነ። የደብዳቤዬን ቅጂ በመሐል ሜዳ፣ በዘመሮና በራቤል ገበያ አስነብቤዋለሁ፤ ባሕር ዳርም ከቢሮዎ በር ላይ፣ ከዚያ ከሚያምረው ወረቀትዎ ጎን ይለጠፋል።

የጤናዎን ነገር አደራ እያልኩ፣ ዕድሜ ከጸጋ እንዲጨመርልዎ፣ ከሁሉም በላይ እኛ እስክንገናኝ ድረስ አንዳች ክፉ ነገር እንዳያገኝዎ ሌት ተቀን የምጸልይ፣ ቸርነትዎን የቀመስኩ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ወልደ አማኑኤል ቅጣው
የቀድሞ የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ የወንድሜ ወንዶች ልጆች አራት ናቸው፤ የላኩት ትኬት ግን አንድ ነው። ከሰኔ በፊት ስለሚደርሱ ሦስት ቦታ እንዲጨመርላቸው በትሕትና እለምናለሁ። ደሴቶቹን የማየት ጉጉት የላቸውም፤ የለመኑኝ እርስዎ አብረዋቸው እንዲሳፈሩ ብቻ ነው። የመንዝ ሰው ቢፈነከት ማን ይመጣል ብለው የጠየቁትን ራሳቸው ሊመልሱልዎ ይፈልጋሉ። እንደ አባታቸው ዋና ስለማይችሉ ግን ውሃው መሐል መርከቧ ስትንገዳገድ ቢፈሩ አይቀየሟቸው፤ አራቱም የሚይዙት እርስዎን ነው።